ትንንሾቹ የጣሊያን ግዛቶች ሳንቲም ያስቀርጹ የነበረው ለክብር ነው ወይስ ለትርፍ?

በመድረካችን የታሪክ ክፍል ውስጥ እስካሁን መልስ የሚጨመርበት አንድ ረጅም ክር አለ። ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ያጣ ሰው ስለ በዛ መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር እተርካቸዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የራሴን ፍርድ ግን ጣል ማድረጌ አይቀርም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገርበት ምክንያት መልስ 5 ላይ ሲደረስ ይታያል።

መክፈቻው ጨዋ ነበር። ጣሊያን በ1861 በአንድ ንጉሥ ሥር ከመጠቃለሏ በፊት ከናፖሊ ተነሥቶ በሮምና በፍሎረንስ በኩል ቶሪኖ የሚገባ ነጋዴ በየደረሰበት በምን ይከፍል ነበር የሚል ጥያቄ ነው። ከፋቹ በዚሁ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ በሦስት በአራት መልስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ድምዳሜ አከለበት። ፈረሰኛ በግማሽ ቀን አቋርጧቸው የሚያልፋቸው እነዚያ ግዛቶች የየራሳቸውን ሳንቲም ያስቀረጹት ለክብር ብቻ ነው፤ ግንብ ላይ ሰንደቅ እንደ መስቀል ነው እንጂ ለኢኮኖሚው አንዳች ትርጉም አልነበረውም አለ። ጠቡን የጫረው ይህ ነው።

መልስ 1 ድምዳሜውን እንዳላየ አልፎ ጥያቄውን ብቻ መለሰ። ጸሐፊው የሒሳብ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። በናፖሊ አንድ ዱካት 10 ካርሊኖ ወይም 100 ግራኖ ነው። በጳጳሱ ግዛት አንድ ስኩዶ 100 ባዮኮ ነው። ራስ ምታቱ የሚጀምረው የፍሎረንስ ግዛት ቶስካና ሲደረስ ነው፤ አንድ ሊሬ 20 ሶልዶ፣ ወይም 12 ክራዚያ፣ ወይም 60 ኳትሪኖ ይሆናል፤ ገበያተኛው የሚወደው ፓኦሎ ደግሞ 8 ክራዚያ ስለ ሆነ አንድ ሊሬ አንድ ፓኦሎ ተኩል ነው። ይህ አልበቃ ብሎ በ1826 መቶ ኳትሪኖ የሚያወጣ ፍሎሪን ተጨመረ። ከዚያ በላይ ፓርማና የቶሪኖ ግዛት ፒየሞንቴ ከናፖሊዮን ዘመን የለመዱትን የፈረንሳይ ፍራንክ መጠን በሊሬ ስም ስላስቀጠሉ መንገዱ ቀና ነው። ኋላ በተተመነው ምንዛሪ ዱካቱን በ4.25፣ ስኩዶውን በ5.375፣ የቶስካናን ሊሬ በ0.84 የጣሊያን ሊሬ አስልቶ ምሳሌ ሠራ። ከናፖሊ 10 ዱካት ይዞ የተነሣ ሰው 42 ሊሬ ከ50 ሳንቲም ይዟል፤ ይኸው ገንዘብ በሮም ወደ 7 ስኩዶ ከ90 ባዮኮ፣ በፍሎረንስ ደግሞ ከ50 ሊሬ ጥቂት ከፍ ይላል።

መልስ 2 ነጋዴውን ወደ ሰሜን ከመላኩ በፊት ወደ ደቡብ አሻገረውና ከድጡ ወደ ማጡ ከተተው። የናፖሊና የሲሲሊ ንጉሥ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ የመሲናን ወሽመጥ በጀልባ የተሻገረ ሁሉ ሒሳቡን እንደ አዲስ ይጀምራል። ሲሲሊ የምትቆጥረው በኦንቻ ነው፤ አንድ ኦንቻ 30 ታሪ፣ አንድ ታሪ 20 ግራኖ። ኦንቻው ከሦስት የናፖሊ ዱካት ጋር እኩል ስለ ሆነ የነጋዴው 10 ዱካት 3 ኦንቻ ከ10 ታሪ ይሆናል። ወጥመዱ ያለው ግራኖው ላይ ነው። በወሽመጡ ግራና ቀኝ ስሙ አንድ ሲሆን የሲሲሊው የናፖሊውን ግማሽ ብቻ ያወጣል። ናፖሊ ውስጥ 40 ግራኖ የገዛውን ዕቃ ፓሌርሞ ላይ በ40 ግራኖ የሸጠ ሰው ግማሹን በነጻ ሰጠ ማለት ነው።

መልስ 3 የጻፉት ሰው በመድረኩ ሁሉም አንቱ የሚላቸው አንጋፋ ናቸው። ከሳቸው በፊት የጻፉት ሁለቱም አንድ ነገር እንደ ዘነጉ በለሰለሰ አንደበት አስታወሱ። ለብዙ መቶ ዓመታት ሊሬ የሚባል ሳንቲም አልነበረም። ከቻርለማኝ ዘመን ጀምሮ አንድ ሊሬ 20 ሶልዶ፣ አንድ ሶልዶ 12 ዴናሮ እየተባለ በመዝገብ ይጻፍ ነበር እንጂ በኪሱ ሊሬ ይዞ የሚዞር ሰው የለም። ሊሬ በእጅ የሚጨበጥ ሆኖ የወጣው በ1472 በቬኒስ፣ በዶጄው ማለት በሪፐብሊኩ የበላይ ሹም በኒኮሎ ትሮን ጊዜ ነው። ትሮን የራሱን መልክ አስቀረጸበት። ቬኒሳውያን ይህ የነገሥታት ልማድ እንጂ የሪፐብሊክ ሹም ልማድ አይደለም ብለው ተቆጡ፤ ከእሱ በኋላም የዶጄ መልክ እንዲህ እንዳይወጣ ከለከሉ። በወርቅ ዱካቱ ላይ ዶጄው ከ1284 ጀምሮ የሚታየው በቅዱስ ማርቆስ ፊት ተንበርክኮ ነው። ለእኔ ይህ ለከፋቹ ድምዳሜ ጥሩ ማርከሻ ነበር፤ ክብር ቢሆን ኖሮ መልክን ማን ይከለክላል? የሚገርመው ግን ማንም ልብ ሳይለው ታለፈ።

መልስ 4 ምስጋና ብቻ ነው። መልስ 5 ግን ክሩን ለአንድ ቀን ሙሉ አጣመመው። ጸሐፊው ሊሬ የአገሪቱ ብቸኛ ገንዘብ እንዲሆን የታወጀበትን 1862 በእኛ አቆጣጠር አነበበው። ሰባት ዓመት ጨምሮ 1869 ወይም 1870 ላይ ደረሰና አዋጁን ከሮም መያዝ ጋር አያይዞ ሦስት አንቀጽ የሚሞላ ትንታኔ ጻፈ። ትንታኔው ውብ ነበር፤ መሠረት ብቻ ነው ያልነበረው። መልስ 6 ያረመው በትሕትና ነው። ሕጉ የወጣው ነሐሴ 24 ቀን 1862 በእነሱ አቆጣጠር ሲሆን ሮም ያን ጊዜ ገና በጳጳሱ እጅ ነበረች፤ እስከ 1870ም የራሷን ገንዘብ ስትጠቀም ቆየች።

የክሩ እምብርት መልስ 7 ነው። ይህች ጸሐፊ ከፋቹን ለክብር ነው ካልክ ሉዊጂኖ የምትባለውን ትንሽ የብር ሳንቲም እንዴት ታስረዳለህ ብላ ገጠመችው፤ ከዚያ ታሪኩን ዘረገፈችው። በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳይ አነስ ያለች፣ አምስት ሶል የምታወጣ ጥሩ የብር ሳንቲም ነበራት። ይህች ሳንቲም በንግድ መርከብ ኢዝሚር ስትደርስ የኦቶማን ሴቶች ወደዷት። በስተው በአንገት ጌጥና በልብስ ላይ ይሰፏት ነበር፤ ስለዚህም ከያዘችው ብር በላይ ዋጋ ታወጣ ጀመር። በተለይ የተወደደችው በሊዮን አቅራቢያ ያለችው የዶምብ ግዛት ልዕልት፣ የንጉሡ ዘመድ የአን ማሪ ሉዊዝ ዶርሌአን መልክ ያለባት ናት። ወሬው የጣሊያን ጠረፍ ሊጉሪያ ሲደርስ የኮረብታ መንደር ገዥዎች ከቅዱስ ሮማዊ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ያገኙት ገንዘብ የማስቀረጽ መብት እንዳላቸው ትዝ አላቸው። የታሳሮሎው ስፒኖላ፣ የሎአኖው ዶሪያ፣ የቶሪልያዋ ቪዮላንቴ ዶሪያ ሎሜሊኒ፣ የፎስዲኖቮዋ ማዳሌና ማላስፒና፤ ሁሉም መዶሻ አነሡ።

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ ቆም ብላ አንዷን ሳንቲም በቅርብ አሳየች። ከሩቅ ስትታይ የልዕልቲቱ ናት፤ ወደ ቀኝ የዞረ የሴት ፊት፣ ወደ ኋላ የተጠቀለለ ጸጉር፣ በጀርባዋ ሦስት አበባ ያለበት ጋሻና አክሊል። ዙሪያዋን ሲያነቡት ግን ስሙ የሌላ ሴት፣ የኮረብታዋ እመቤት ነው። የኢዝሚር ሸማች ላቲን ማንበብ አይችልም፤ የሚያየው ፊቱን ነው። ሁለቱ እመቤቶች ሴት መሆናቸው ለንግዱ እንዴት እንደ ጠቀመ ልብ በሉ። በታሳሮሎ ወይም በቶሪልያ ገበያ ግን በዚህች ሳንቲም ዳቦ የገዛ ሰው ስለ መኖሩ ማንም ግድ አልነበረውም፤ የተቀረጸችው ለባሕር ማዶ ነው። መጀመሪያ ብሩ ደህና ነበር። ከዚያ አንዱ መዳብ ጨመረ፣ ጎረቤቱ የበለጠ ጨመረ፣ እሽቅድምድም ሆነ። በ1660ዎቹ መጨረሻ የኢዝሚር ነጋዴዎች እጃቸው ላይ የቀረው ቤሳ ቤስቲን የማያወጣ ብረት መሆኑ ሲገለጥ ኦቶማኖች ሳንቲሟን ከገበያ ከለከሉ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለሁለት ተከፈለ። መልስ 8 ለመንደር ገዥዎቹ ጠበቃ ቆመላቸው። መብቱ ነበራቸው፣ የራሳቸውን ስም ጽፈዋል፣ ሸማቹ ጌጥ ፈለገ እነሱም ጌጥ ሸጡለት፤ ነጋዴ ናቸው እንጂ ወንበዴ አይደሉም የሚል ነው። ክርክሩ መጥፎ አይደለም። መልስ 9 ግን ሰው የሰደበ ያህል ተቆጣ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ የሌላውን መልክ አስመስሎ መዳብ መሸጥ በየትኛውም ሕግ ማጭበርበር ነው አለ። አንቱ ሲባባሉ የቆዩ ሰዎች እዚህ ላይ ወደ አንተ ወረዱ፤ ወርደውም አልቀሩ፣ መልስ 10 እና 11 ላይ ስለ ሳንቲም አንድም ቃል የለም።

አንጋፋው በመልስ 12 ተመልሰው ሁለት ምሳሌ በማምጣት አበረዷቸው። አንደኛው የኮሬጆ ልዑል ሲሮ ነው። በሳንቲም መቅረጫ ቤቱ የሌሎች አገሮችን ገንዘብ እያስመሰለ የተበላሸ ሳንቲም ያወጣ ስለ ነበር በንጉሠ ነገሥቱ ዳኞች ተከሶ ተፈረደበት፤ ቅጣቱን መክፈል አቅቶት ግዛቱን አጣ፤ በ1635 ኮሬጆ ለሞዴናው መስፍን አለፈች። ክብሩንም አገሩንም ያስበላው ሳንቲሙ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ቀደም ያለ ነው። የፍሎረንስ የወርቅ ፍሎሪን በ1252 ሲወጣ 24 ካራት ሊባል የሚችል ንጹሕ ወርቅ፣ ሦስት ግራም ተኩል የሚመዝን ነበር። አዳሞ የሚባል ባለሙያ ለሮሜና መሳፍንት ሲሠራ ወርቁን 21 ካራት አድርጎ ቀረጸውና በ1281 ከነሕይወቱ በእሳት ተቃጠለ። ሦስት ካራት ነው የጎደለው። ሉዊጂኖ ላይ የጠፋውን ብር እያሰቡ ይህን የሚያነቡ ሰዎች መልስ 8 ለምን ዝም እንዳለ ይገባቸዋል።

መልስ 13 አጭርና ሹል ነበር። ጄኖቫ የመቅረጽ መብት ያገኘችው በ1138 ከጀርመኑ ንጉሥ ኮንራድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኃያል ሪፐብሊክ ሆና እንኳ የዚያን ሟች ንጉሥ ስም ለብዙ መቶ ዓመታት በሳንቲሞቿ ላይ ይዛ ቆየች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነጋዴው ያንን ስም ለምዶታል፣ የለመደውን ደግሞ አይመልስም። ክብር የሚያሳስባት ከተማ የባዕድ ስም አትሸከምም ሲል ደመደመ። ከፋቹ ለዚህ እስካሁን መልስ የለውም።

መልስ 14 ነገሩን ወደ እኛ አገር አመጣው፤ እኔም ከዚህ ጀምሮ በጉጉት ነው ያነበብኩት። የኢዝሚር ሴቶች የልዕልቲቱን ፊት እንደ ወደዱ የእኛም ሰዎች የማሪያ ትሬዛን ፊት ወደዋል፤ ሁለቱም ሩቅ አገር የተቀረጹ፣ የሴት መልክ ያለባቸው፣ ከገንዘብነት አልፈው ጌጥ የሆኑ ናቸው፤ ስለዚህ ማርትሬዛም ያው ሉዊጂኖ ናት አለ። መልስ 15 ደሙ ፈላ። ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ናት፣ ከሺህ 833 እጅ ንጹሕ ብር ናት፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት 1780 ሳይለወጥ እየተጻፈባት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ይህ አልተነካም። ሚላኖና ቬኒስ በኦስትሪያ ሥር በነበሩበት ጊዜ እዚያም ተቀርጻለች፤ ያኔም መዳብ አልተጨመረባትም። እንግዲህ አንዷ የታመነች፣ ሌላዋ ያጭበረበረች ሳለች አንድ ናቸው ማለት ስድብ ነው ሲል ጻፈ። በይዘቱ ከእሱ ጋር ነኝ፤ የአነጋገሩ ስለት ግን ለጠላት የሚሆን ነበር።

መልስ 16 ልብ የሚያሳርፍ ነው። አያቱ አንጥረኛ የነበሩ አንድ ተሳታፊ፣ ባላገር ማርትሬዛውን ይዞ ሲመጣ አያቱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምን እንደ ነበር ተረከ። ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ይሰማሉ፤ ከዚያ በአክሊሏና በትከሻዋ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ያረጀውንና የተፋቀውን ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ቀሪው ቀልጦ መስቀልና አምባር ይሆናል። ብሩን ማንጠር አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ምን እንደ ያዘ ያውቁታል።

በመልስ 17 አንድ በታሪክ የተማረ ሰው መልስ 15ን ደግፎ ማስረጃ ጨመረ። ጣሊያን ኤርትራን ከያዘች በኋላ በ1890ዎቹ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ታለሮ የሚባል የብር ሳንቲም አወጣች፤ ንጽሕናው ከሺህ 800 ብቻ ነበር፤ ገበያው አልተቀበለውም። ነገር ግን ይኸው ሰው የራሱን ወገን ክርክር የሚያናጋ ነገርም አልደበቀም። በ1918 ጣሊያን ሌላ ታለሮ ቀረጸች፤ ክብደቱ እንደ ማርትሬዛ፣ ንጽሕናው እንዲያውም 835፣ በላዩ ያለችው ሴት ንግሥቲቱን እንድትመስል ታስባ የተሠራች። እሱም ወደቀ። ብሩ ሙሉ ነው፣ ፊቱ ግን የእሷ አይደለም። በመጨረሻ በ1935 ሙሶሊኒ ለወረራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለማግኘት የእውነተኛዋን ማርትሬዛ ቅርጽ ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ አስቀረጻት። መልስ 14 ይህን እንደ ድል ቆጥሮ ተመልሶ መጣ፤ ፊት ነው የሚሸጠው አላልኳችሁም ወይ ለማለት። እኔ እንደማየው ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይዘዋል። ፊቱ ተፈላጊ የሆነው ከኋላው ያለው ብር ለረጅም ዘመን ስላልተጓደለ ነው፤ የታሳሮሎ ጌቶች ፊቱን ቀዱ፣ ዘመኑን ግን አልታገሡትም።

ከመልስ 18 እስከ 21 ያለው ስለ ወረራው የተነሣ ጠብ ነው። ርእሱ ከባድ ነው፤ ቦታው ግን ይህ ክር አልነበረም። አወያዩ ሁለት መልስ ሰርዞ ሰዎቹን ወደ ሌላ ክር መራቸው።

ከፋቹ በመልስ 22 ላይ ብቅ አለ። ተሸነፍኩ አላለም፤ ሜዳውን ቀየረ። ሳን ማሪኖን አመጣ። ይህች ትንሽ ሪፐብሊክ የመጀመሪያ ሳንቲሟን፣ አምስት ሳንቲም የምታወጣ መዳብ፣ ያወጣችው በ1864 ነው፤ ያውም ሚላኖ ውስጥ አስቀርጻ። ያን ጊዜ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ የጣሊያን ሊሬ ነበር፣ የሷም ሊሬ ከዚያ እኩል። ከአምስት ሳንቲም መዳብ ማን ያተርፋል፣ ስለዚህ ክብር ነው አለ። ደህና መልስ ነው። መልስ 23 በጥቂቱ ብቻ ተቃወመው፤ በ1938 አቁማ በ1972 ስትመለስ ዋናው ሸማቿ ሳንቲም ሰብሳቢው ነበር፤ ክብሩም ራሱ ይሸጣል።

መልስ 24 የጳጳሱን ጉዳይ ጨመረ። ፒዮስ 9ኛ በ1866 ስኩዶን ትተው የፈረንሳይ ፍራንክ እኩያ የሆነ ሊሬ ሲያወጡ የብር ሳንቲሞቻቸው በጎረቤት አገሮችም ይዘዋወሩ ነበር። በኋላ ግን ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ አንቀበልም አሏቸው። ጸሐፊው የታሳሮሎ ጌቶች መንፈስ ቫቲካን ደርሷል ብሎ ቀለደ፤ አንድ ምእመን ተቀይሞ በመልስ 25 ቀልዱን በሃይማኖት ላይ እንደ ተሰነዘረ ቆጠረው። ነገሩ የከረረ መስሎ ሳለ ሮም የምትኖር እኅት በመልስ 26 አበረደችው። ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ አቅራቢያ ቡና ጠጥታ ከተመለሰላት ዝርዝር ውስጥ የቫቲካን 50 የዩሮ ሳንቲም አገኘች፤ ሰብሳቢ ጎረቤቷ ብርቅ ነው ብሎ ሊገዛት ሲጠይቅ በ50 ሳንቲሟ ዳቦ ገዝታበታለች። ቫቲካን ሌሎቹን ሳንቲሞች በአብዛኛው ለሰብሳቢ ሸጣ ከ2010 ጀምሮ ለመገበያያ ያዋለችው ይህንኑ 50ውን መሆኑን ስታውቅ አልተቆጨችም።

መልስ 27 ስለ ሴቦርጋ ነው። በሊጉሪያ ኮረብታ ላይ ያለችው ይህች መንደር ከ1666 ጀምሮ በሌሬን መነኮሳት ሥር ሉዊጂኖ ትቀርጽ ነበር፤ እስከ 1687 ብቻ። በ20ኛው መቶ ዘመን ነዋሪዎቿ አንድ የአበባ ነጋዴ ልዑል ብለው መርጠው ነጻ አገር ነን ካሉ በኋላ ሉዊጂኖን እንደገና አወጡ፤ ዋጋውንም በ6 የአሜሪካ ዶላር ቆረጡት። የጣሊያን መንግሥት ግብሩን እየሰበሰበ ዝም ብሏቸዋል። ሸማቹ አሁንም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው፤ ጎብኚ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መልሶች በዚህ ሳምንት የገቡ ናቸው። መልስ 28 በኢንተርኔት የገዛውን የታሳሮሎ ሉዊጂኖ ምስል ለጥፎ ስንት ያወጣል ብሎ ጠየቀ። አንጋፋው በመልስ 29 የሰጡት ምክር አጭር ነው። ከምስል ዋጋ አይነገርም፤ መጀመሪያ ይመዘን፤ ከሁለት ግራም በታች ከሆነ ይጠርጠር፤ ከዚያ በአፍንጫዋና በጉንጯ በኩል፣ ብዙ እጅ የነካው ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ ቀይ ብቅ ብሎ እንደሆነ ይታይ። ቀይ ካለ ግን ሐሰተኛ ነው ተብሎ አይጣል፤ በዚያ ዘመን ለኢዝሚር ከተላኩት መካከል እውነተኛዎቹም እንዲያ ነበሩ። ጠያቂው ሚዛን ሊዋስ ሄዷል።